ተማሪዎቼ ቬፑን ከሲጋራ ተራ አውጥተው አስቀመጡት፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?

መምህሩ_ፔዳ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፤ የትምህርት ቤቱን የፀረ ሱስ ክበብም የምመራው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ክበቡ ውስጥ አንድ ነገር ሞክረን የወጣው ውጤት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው እዚህ የመጣሁት።

የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ፎቶ በቀለም አሳትሜ አመጣሁላቸው። ተራው ባለ ፊልተር ሲጋራ፣ ቀጭኗ ነጭ ሲጋራ፣ ሺሻ ከነዕቃው፣ ጋያ፣ ሱረት፣ ከዚያ ሁለት ዓይነት ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። አንዱ ቬፕ ቁርጥ የኮምፒውተር ፍላሽ ነው የሚመስለው፤ ሌላው ደግሞ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ቀለም ያለው፣ ትንሽ ስክሪን የተገጠመለት። «በጣም የሚጎዳውን ከላይ፣ ብዙም የማይጎዳውን ከታች አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ምክንያታችሁን ከጎኑ ጻፉ» አልኳቸው።

በሁሉም ቡድን ማለት ይቻላል ጋያ ከላይ ሆነ። ምክንያት፦ «ቅሉ ጠቁሯል»፣ «ይገማል»፣ «የድሮ ሰዎች ነገር ነው»። ቀጥሎ ተራው ሲጋራ መጣ። ቀጭኗ ሲጋራ ዝቅ አለች፤ «ቀለል ያለች ናት፣ ትምባሆዋም ትንሽ ነው» ብለው ጻፉላት። ሺሻ ከሷም ዝቅ አለ፤ «ውኃው ያጣራዋል»፣ «ፍራፍሬ ነው»። ቬፑ ከሁሉ በታች። «አመድ የለውም»፣ «እንፋሎት ብቻ ነው»፣ «ቻርጅ ይደረጋል»። አንዱ ልጅ ደግሞ «የሚጎዳ ነገር እንዲህ አይሸትም» ብሎ ጻፈ። የት እንዳሸተተው አልጠየቅኩትም። አንዷ ጎበዝ ተማሪ ባለ ስክሪኑን ፎቶ ጭራሽ ከድርደራው አውጥታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ለምን ስላት «መምህር፣ ይኼኮ ዕቃ ነው» አለችኝ።

ኒኮቲን ብሎ የጻፈ አንድ ልጅ እንኳ የለም። የጻፉት ሁሉ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ውፍረቱ፣ ማን እጅ ላይ ስለማየታቸው ነው። በየዓመቱ ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር እያልን የምናስተምረው ትምህርት ከዚህ ጋር አይገናኝም። እኛ ስለ በሽታው እናወራለን፣ ልጁ የሚያየው ዕቃውን ነው። ከዚህ ቀደም በጉዳዩ ላይ የሠራችሁ፣ ልጅ ያላችሁ፣ ራሳችሁም የቀመሳችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን ጣል አድርጉልኝ።


ጣና_ዳር

አይ መምህር! ልጁ በየጫት ቤቱ ደጃፍ ተኮልኩሎ፣ አረቄው በየጓዳው እየተንቆረቆረ እርስዎ ስለ ቬፕ ያወራሉ። ባህር ዳር ውስጥ ቬፕ የያዘ ልጅ ስንት ቢኖር ነው? የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው። ይህን ጉድ ለአዲስ አበባ ይተዉላት።


ፖሊ_3ኛ_ዓመት

የሀብታም ልጅ ጨዋታ አይደለም ወንድሜ። አንዱ ይገዛል፣ ዶርሙ በሙሉ ይስበዋል። ማታ ማታ ሃይቅ ዳር ውጣና ወንበሮቹ አካባቢ ተቀመጥ፤ ሽታው ራሱ ይነግርሃል። ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል፣ ሐብሐብ የያዘ ሰው ግን የለም።


ባለሱቁ

ሱቄ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ሲጋራ አልይዝም፤ ግን ፊት ለፊቴ ጀብሎዎች ስለሚቆሙ የሚሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ልጅ ሲመጣ የሲጋራ ስም አይጠራም። «ቀጭኗን» ይላል። «ነጯን» ይላል። «ጠቅ የምትለዋን» የሚልም አለ፤ ያቺ ፊልተሯ ውስጥ ትንሽ እንክብል ያለባት፣ በጣት ወይም በጥርስ ሲጫኗት ጠቅ ብላ ሚንት ሚንት የምትለው ናት። ከየት እንደምትገባ እግዜር ይወቀው። ልጆቹ ከማጨሱ በላይ ጠቅ ማድረጉን ነው የሚወዱት። አንዱ ሲገዛ ሌሎቹ «እኔ ልጫናት» እያሉ ይሻሙባታል።

ጀብሎው ፓኮውን ከሳጥኑ ሥር ነው የሚደብቀው። እጁን ይሰዳል፣ አንድ ፍሬ መዝዞ ያወጣል፣ ከማስቲካ ጋር ያቀብላል። ላይተሩ ሳጥኑ ላይ በክር ታስሯል፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ይለኩስና ይሄዳል። ያ ሁሉ የታመመ ሰው ፎቶ የታተመበትን ካርቶን የሚያየው ማነው? ጀብሎው ብቻ። እሱ ደግሞ ለምዶታል፤ ሳንቲም ያስቀምጥበታል።


የሕግ_ሰው

ባለሱቁ ሳያስበው የነገሩን ሥር ነክቶታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 1112/2011፣ የሲጋራ ፓኮ የፊቱና የጀርባው 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የተለጠፈው ፓኮው ላይ ነው፤ ልጁ የሚገዛው ደግሞ ፍሬውን። አዋጁ በፍሬ መሸጥንም አብሮ የከለከለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ይሽመደመዳል። ገዥው ከ21 ዓመት በታች ከሆነም መሸጥ ክልክል ነው። ባለሱቁ የነገረን ያ አንድ ግብይት ሁለቱን ክልከላ በአንድ ምት ይጥሳል፣ ማስጠንቀቂያውንም ከንቱ ያደርገዋል።

«ጠቅ የምትለዋ»ም የተከለከለች ናት። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ፣ ሺሻ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዚሁ አዋጅ እንዳይመረቱ፣ እንዳይገቡ፣ እንዳይሸጡ ታግደዋል። እናም ባህር ዳር ውስጥ የሚሸጥ ቬፕ ካለ በኮንትሮባንድ ወይም በሰው ሻንጣ የገባ ነው ማለት ነው። ክልከላውን እደግፋለሁ። ሆኖም በስውር የሚመጣ ዕቃ በአማርኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ውስጡ ያለውን መጠን የመረመረው አካል የለም፤ ከልጁ ጋር የሚነጋገረው ቀለሙና ሽታው ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር ከዕቃው ራሱ ነው የጀመረው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሁሉም ፓኮ አንድ ዓይነት የደፈረሰ ቡናማ አረንጓዴ እንዲሆን አዘዘች፤ አርማ የለ፣ ወርቃማ መስመር የለ፣ የኩባንያው ስም ራሱ በአንድ ዓይነት ፊደል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ እንዲታተም እያደረገች ነው። በፍሬ ለሚሸጥበት አገር ይኼኛው የተሻለ ሳይሆን አይቀርም።


ሲስተር_ግዮን

መምህር፣ ልጆቹ የጻፏቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ልያዛቸው፤ እያንዳንዳቸው የዕቃው አሠራር አላቸውና። ረዘም ቢል ታገሡኝ።

«ቀለል ያለች ናት።» ይህ የቆየ ማታለያ ነው። ላይት የሚባሉት ሲጋራዎች ፊልተራቸው ዙሪያ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው። የሚለካው ማሽን ሲስብ አየር በቀዳዳው ይገባና ጭሱን ያቀጥነዋል፤ ቁጥሩ አነስ ብሎ ይመዘገባል። ሰው ሲያጨስ ግን ጣቱና ከንፈሩ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ ሰውነቱ የለመደውን ኒኮቲን ፍለጋም ጠለቅ አድርጎ ይስባል። የሚደርሰው ጉዳት አልቀነሰም። ብዙ አገሮች «ላይት»፣ «ማይልድ» የሚሉትን ጽሑፎች ሲከለክሉ ኩባንያዎቹ ወደ ቀለም ዞሩ፤ ላይት የነበረው ወርቃማ ሆነ፣ ሌላው ብርማ። ልጆቹ ነጭ ሲያዩ ቀላል የሚሉት ዝም ብለው አይደለም፣ እንዲሉ ተደርጎ ነው የተሠራው።

«እንፋሎት ብቻ ነው።» አይደለም። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ነገሮች፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን ነው። ባትሪው አንዲት የሽቦ ጥቅል ያግላል፣ ፈሳሹ በዚያ ግለት ወደ ደቃቅ ነጠብጣብ ይለወጣል። ከሽቦው ኒኬልና እርሳስን የመሳሰሉ ብረቶች፣ ከፈሳሹ መጋል ደግሞ እንደ ፎርማልዲሃይድ ያሉ ኬሚካሎች አብረው ይገባሉ። መጠኑ እንደ ዕቃው ይለያያል፤ ውኃ ግን አይደለም።

«ጉሮሮ አይከረክርም።» ይህን ልጆችዎ ባይጽፉትም እኛ ጋ የሚመጡት ይሉታል፤ ዋናው ምስጢር ደግሞ እዚህ ላይ ነው ያለው። ተራ ኒኮቲን መጠኑ ሲበዛ ጉሮሮን ያቃጥላል። ሲጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ እንባው ፈስሶ የሚያስለው ለዚህም ጭምር ነው፤ ብዙው እዚያው ላይ ይተወዋል። ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር ሲያዋህዱት ግን የኒኮቲን ጨው የሚባለው ይሆናል፣ መራራነቱና መከርከሩ ይቀንሳል። ስለዚህ በጣም ከፍተኛ መጠን ያለ ሳል መሳብ ይቻላል። ሜንቶል ሲጨመርበት የባሰ ነው፤ ቅዝቃዜ የሚሰማውን የነርቭ ጫፍ ስለሚነካ አፍና ጉሮሮ የቀዘቀዘ፣ የጸዳ ይመስለዋል። ሰውነት «በቃ» ብሎ የሚያስቆምበትን መንገድ ዘግተውበታል ማለት ነው።

«ጥሩ ይሸታል፣ አይጎዳም» ያለውን ልጅ ደግሞ ስለ ከሰል ይጠይቁልኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር በር ዘግቶ ከሰል ያነደደ ቤተሰብ ታፍኖ እናገኛለን። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እሱ ሽታም ቀለምም የለውም። ሺሻው ላይ የሚቀመጠውም ያው ከሰል ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፣ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ ጠልቆ ለመሳብና ረጅም ሰዓት ለመቀመጥ ይመቻል። በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስ በይዘቱ ከ100 ሲጋራ ጭስ ሊበልጥ ይችላል።


ጣና_ዳር

ሲስተር፣ እሺ ሺሻውን ገብቶኛል። ግን ጫት አሁንም ይብሳል 😀


ጎጃሜው_ሜሪላንድ

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጆቼ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። መምህር ያዩት ነገር እዚህ ከዓመታት በፊት አልፎብናል፤ የሚጠቅም ካለ ልንገራችሁ።

ጁል የሚባለው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ላይ ዋለ። መልኩ ፍላሽ ነው፤ ቻርጅ የሚደረገውም ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ነው። ወላጅ ጠረጴዛ ላይ ቢያየው የቤት ሥራ የተጫነበት ፍላሽ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ መምህር ቢያየውም እንዲሁ። ማንጎ፣ ሚንት፣ ክሬም ብሩሌ የሚባል ጣዕም ነበረው። ሲስተር ያሉትን የኒኮቲን ጨው በሰፊው ያስለመደው እሱ ነው፤ 5 በመቶ የሚለው ካርትሪጅ (ፈሳሹን የያዘችው ተነቃይ ክፍል) በሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ገደማ ኒኮቲን ይይዝ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ 20 ነው። ኩባንያው ራሱ አንዷ ካርትሪጅ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን አላት ይል ነበር። ይህ ሁሉ ግን ከአውራ ጣት በማትበልጥ ነገር ውስጥ ነው፤ ልጅ አይቷት «ፓኮ» ብሎ አያስብም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ የጁል ተጠቃሚዎችን ጠይቆ 63 በመቶዎቹ ዕቃው ሁልጊዜ ኒኮቲን እንዳለው አያውቁም ነበር። እየተጠቀሙት ነው የምላችሁ!

እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው አሜሪካ ካሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ቬፕ ስበናል ብለው ነበር። በ2020 መጀመሪያ መንግሥት በካርትሪጅ የሚመጡትን የፍራፍሬና የጣፋጭ ጣዕሞች አገደ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ካርትሪጅ የሌላቸው፣ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ቬፖች በእግዱ ውስጥ ስላልነበሩ ልጆቹ ወደነሱ ጎረፉ። ቀለማቸው የበለጠ ደማቅ፣ ጣዕማቸው የበለጠ ጣፋጭ። ቆይቶ ቁጥሩ ወርዷል፤ በ2024 የሁለተኛ ደረጃው 7.8 በመቶ ነው። ከሚጠቀሙት ልጆች ግን ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ጣዕም ያለውን ነው የሚስቡት። ጣዕሙ ባይኖር ስንቱ ይቀር ነበር የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ።

የኔ ትልቁ ልጅ በዚያን ጊዜ አንድ ነገር አለኝ፤ «አባዬ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ልጅ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ቢገኝ እኮ ይሳቅበታል»። ቬፕ የያዘው ግን አይሳቅበትም። ይኼ የጤና ትምህርት አይደለም፣ ፋሽን ነው።


የሦስት_ልጆች_እናት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በመምህሩ ተናድጃለሁ።

የእኔ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ቬፕ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አሁን መምህሩ በባለ ቀለም ፎቶ አሳትመው «ይኼ ባለ ስክሪን ነው፣ ይኼ እንደ ፍላሽ ነው» ብለው ካሳዩት በኋላ ነው ቤት መጥቶ የሚያወራልኝ። በምን ያወራል? «ስክሪኑ ላይ ጌም አለው ይባላል እማዬ» እያለ። እንግዲህ ማስተማር ነው ማስተዋወቅ? ኩባንያው ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራውን ማስታወቂያ ትምህርት ቤቱ በነጻ ሠራለት። ሳይነቃ የነበረውን ልጅ ቀስቅሳችሁ ስታበቁ ደግሞ ሱሰኛ ሆነ ትሉናላችሁ።


መምህሩ_ፔዳ

የተከበሩ እናት፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ያለ ሐሳብ አልሠራሁትም። ክበቡ ውስጥ ካሉት ልጆች ስሙን የማያውቅ አልነበረም፤ ፎቶውን ገና ሳልዘረጋው «ያ የቲክቶኩ» አሉኝ። ጭሱን እንደ ቀለበት፣ እንደ ፏፏቴ እያደረጉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ያየ ልጅ እኔ ባላሳየውም ማየቱ አይቀርም። ልዩነቱ፣ እዚያ ሲያየው የሚጠይቀው ሰው የለም። ልጅዎ ስለ ጌሙ ለእርስዎ ማውራቱን እኔ እንደ ክፉ አላየውም፤ ለጓደኛው ብቻ ቢያወራ ነበር የምፈራው።


የሦስት_ልጆች_እናት

ይሁን። ግን ቀለሙ ለምን አስፈለገ? የሕግ ሰው ነኝ ያሉት ከላይ አውስትራሊያ ፓኮውን መልክ አሳጣችው ብለዋል። እርስዎም በጥቁርና ነጭ አትመው ያምጡታ! ሮዝና ሰማያዊውን አይቶ ያልተመኘ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? እኔ ራሴ የከንፈር ቀለም መስሎኝ ነበር።


ሲስተር_ግዮን

እማዬ ትክክል ናቸው። መምህር፣ ስሙም ይሸፈን።


ዓባይ_ማዶ

እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ልናገር፤ ድንጋይ እንዳትወረውሩ። ብዙ ዓመት ሲጋራ አጭሼአለሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ቬፕ አምጥቶልኝ ሲጋራውን ትቼአለሁ። ደረት መክበዱ ቀርቷል፣ ሚስቴም ደስ ብሏታል። እንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ለአጫሾች «ወደ ቬፕ ቀይሩ» ይላሉ፤ ከሲጋራ በ95 በመቶ ያነሰ ጉዳት አለው ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 አውጀዋል። እናንተ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከታችሁ ለልጅ «ያው ነው» ካላችሁት፣ ነገ ከኢንተርኔት ሲያነብ ውሸታም ትሆናላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ አይሰማም።


ሲስተር_ግዮን

ዓባይ ማዶ፣ ድንጋይ የሚወረውር የለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነጥብ ነው ያነሱት። ለልጅ «ያው ነው» ማለት ትክክል አይደለም፤ የሚነድ ትምባሆና የሚግል ፈሳሽ አንድ አይደሉም። ግን ያ ንጽጽር የተሠራው ለማን ነው? ፓኮ ሙሉ ለሚያጨስ አዋቂ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ከፓኮ ወደ ቬፕ አልወረደም፤ ከምንም ወደ ቬፕ ነው የወጣው። አንጎሉ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ስለሆነ ኒኮቲን ቶሎ ይይዘዋል፣ ትኩረቱንም ይነካዋል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ለአዋቂው እየመከሩ ለልጁ ሲሉ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዓይነት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክለዋል። ደማቅ ቀለሙና ርካሽነቱ የሚስበው ልጆቹን መሆኑን አይተው ነው።

የቀረኝ አንድ ምክር፦ ፈሳሹ ቤት ውስጥ ካለ ከሕፃን እጅ ያርቁት። ጣፋጭ ይሸታል፣ ቢጠጣው ግን መርዝ ነው።


ፖሊ_3ኛ_ዓመት

ከላይ በቀልድ ጽፌ አልፌ ነበር፤ ክሩን እስከዚህ ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ማንም ያላነሳው የዕቃው ባሕርይ አለ፤ ማለቂያ የለውም።

ሲጋራ ያልቃል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ትስበዋለህ፣ ጣትህ ይግላል፣ ትጥለዋለህ። ሌላ ለመለኮስ መነሣት፣ መግዛት፣ ውጭ መውጣት አለብህ። ቬፕ ግን እጅህ ውስጥ ነው። ሌክቸር ከመግባትህ በፊት አንድ ትስባለህ፣ ሽንት ቤት አንድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተህ አንድ፣ ሌሊት ስትነቃ አንድ። «ዛሬ ስንት አጨስክ?» ቢሉህ መልስ የለህም። ጓደኛዬ ሲጋራ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ያውቀው ነበር፤ በቬፑ ግን ራሱን እንደ አጫሽ ቆጥሮ አያውቅም። ቬፑ ሲያልቅበትና ሌላ ሲያጣ፣ ፈተና ሰሞን፣ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ በትንሽ በትልቁ ይጣላ ጀመር። ያኔም «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ነበር የሚለው። በመጨረሻ ፒያሳ ወርዶ በፍሬ ሲጋራ ገዛ። የሚጸየፈውን ሲጋራ!

ሌላው መደበቁ ነው። እናቴ ሲጋራ ቢሆን ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ ታሸተዋለች። የቬፑ ሽታ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል፣ ባይጠፋም ማስቲካ ነው ትላለች። አመድ የለ፣ ክብሪት የለ፣ የተቃጠለ ኪስ የለ። ልጅ «አይጎዳም» የሚለው ግማሹ «አልያዝም» ማለቱ ነው።


ጎጃሜው_ሜሪላንድ

@ፖሊ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለልጄ አነበብኩለት፤ ሳቀ። «እውነቱን ነው» አለ። አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ ለሱ።


ጣና_ዳር

እሺ እኔም ተረታሁ፤ ስለ ጫት ግን ሌላ ክር እከፍታለሁ።


መምህሩ_ፔዳ

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እናታችን እንዳሉት አደረግኩ። ፎቶዎቹን በጥቁርና ነጭ፣ ሁሉንም በእኩል መጠን፣ ስማቸውን ሸፍኜ አተምኩ። ለሌላው ሴክሽን ልጆች ነው የሰጠሁት፤ የመጀመሪያዎቹ መልሱን ስለሚያውቁት።

ድርደራው ያሰብኩትን ያህል አልተገለበጠም። ጋያ አሁንም ከላይ፣ ቬፕ አሁንም ወደ ታች። ምክንያቶቹ ግን ተለወጡ። ቀጭኗን ሲጋራ «ያው ሲጋራ ናት፣ መቅጠኗ ነው» ብለው ከተራው ጎን አስቀመጧት። ባለ ስክሪኑን ቬፕ ያገላበጠ አንድ ልጅ «ባትሪ ካለው የሆነ ነገር ያሞቃል፤ ምንድነው የሚያሞቀው?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ሰዓቱ በሙሉ በዚያች ጥያቄ አለቀ፤ ሲስተር የጻፉትን ስለ ሽቦውና ስለ ፈሳሹ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ፊዚክስ የማይወዱት ልጆች ሳይቀሩ ስለ ሽቦው ተከራከሩ።

ስለ ባለሱቁ ጀብሎም ነገርኳቸው። «ማስጠንቀቂያውን ያየ እጁን ያውጣ» ስል የወጣ እጅ ጥቂት ነበር። «ሲጋራ በእጁ ይዞ ያየ» ስል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እጅ የሚያወጣም ጠፋ። ፓኮውን በሥዕል አሳየኋቸው፤ ይኼኛውን በቀለም።

አንዱ ልጅ ግን ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖም «ይኼ እንጆሪ ነው የሚሸተው» ብሎ ጻፈ። ስሙን ሸፍኜው፣ ቀለሙን አጥፍቼው። ከክፍል ሲወጣ ለብቻው አነጋግሬዋለሁ፤ የቀረውን እዚህ አልጽፈውም።


ባለሱቁ

መምህር፣ እግዜር ይስጥዎ። እኔም አንድ ነገር አለኝ። ትናንት ጀብሎው ክብ ጣሳ አሳየኝ፣ እንደ ቅባት ጣሳ ትንሽዬ። ውስጧ ነጫጭ ከረጢቶች አሉ፣ እንደ ሻይ ከረጢት ሆነው በጣም ያነሱ። «ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ከንፈር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ይቻላል» አለኝ። ሚንት ነው ይላል። ሲስተር፣ ይኼስ ምንድነው?


ሲስተር_ግዮን

የኒኮቲን ከረጢት ነው። ትምባሆ ቅጠሉ የለበትም፣ ኒኮቲኑ ግን አለ፤ በድድ በኩል ወደ ደም ይገባል። አንዳንዱ መጠኑ ከፍተኛ ስለሆነ ያልለመደውን ልጅ ያስመልሰዋል፣ ልቡን ያስመታዋል፤ ራስ ምታትና ማዞርም አለው። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሆነ ልጅ ካያችሁ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አፉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁት።

መምህር፣ ክበቡ በሚቀጥለው ሐሙስ ከተሰበሰበ ከሰዓት ነጻ ነኝ፤ መምጣት እችላለሁ። የጣሳዋንም ፎቶ ጨምሩበት። በጥቁርና ነጭ።